ማታ ነው እኮ የሚፈለፈለው

ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ?

ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን እንደምትል አውቃለሁ። ስደበኝ፣ መብትህ ነው። «ጅማ ዋጠችህ እንዴ?» ያልክበት ደብዳቤህ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አዎ፣ ውጣኛለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ መብራት የለም፣ በሻማ ነው የምጽፍልህ።

ተማሪ ሳለን መምህሩ ስላይድ ሲያነብ እኛ ስንገለብጥ ትዝ ይልሃል? እኔም ስምንት ዓመት እንደዛው አስተማርኩ። አምና ስለ ወንዝ ብክለት እያወራሁ ድንገት ጠየቅኳቸው፦ ውሃው ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ቀመሩን እንደ ውዳሴ ማርያም የሚወርዱት ልጆች አብዛኞቹ «ይጨምራል» አሉ። ክው አልኩ። ፈተና ላይ እኮ ኤ የሚያመጡ ናቸው!

የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙርም በተማሪዎቹ እንዲሁ ደንግጦ ነው አሉ ዘዴውን የቀየረው። እኔም ቀዳሁት። ጥያቄ እሰጣለሁ፣ መጀመሪያ ለየብቻ ይመልሳሉ። ከዚያ ከጎናቸው ካለው ጋር ይከራከሩና ደግመው ይመልሳሉ። ክፍሉ የሐሙስ ገበያ ይሆናል። አንድ ባልደረባዬ ጠብ የተነሳ መስሎት በር ከፍቶ አይቶናል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ 225 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ አለ። ገለጻ ብቻ በሚሰማበት የሳይንስና የምህንድስና ክፍል የሚወድቀው 34 ከመቶ ገደማ ነው፤ ተማሪው ሲሳተፍ ግን ወደ 22 ይወርዳል። ይህን ስብሰባ ላይ ባነብ አንዱ «ኮርሱን መቼ ልትጨርስ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁለት ምዕራፍ ሳላስተምር ቀርቻለሁ።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። እሸት ቡና መፈልፈያ ካለበት በታች ያለ አንድ ወንዝ ሁለት ዓመት ሳጠና ነበር። የመፈልፈያው ውሃ ስኳርና ዝልግልግ ነገር ይዞ ይወርዳል፤ ተህዋስያን እሱን ሲበሉ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ጠርሙሴን ይዤ እወርዳለሁ። ተህዋስያኑ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚጨርሱ ለመለካት ናሙናው በ20 ዲግሪ 5 ቀን መቀመጥ አለበት። በአራተኛው ቀን መብራት ይጠፋል፣ እንደገና «ሀ» ብዬ እጀምራለሁ። ውጤቱ ደግሞ የጠበቅኩትን ያህል አይከፋም።

ውጤቱን ክፍል ውስጥ ሳሳይ ከኋላ አንዲት የገበሬ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ማታ ነው እኮ የሚፈለፈለው» አለች። ቀን ይለቀማል፣ አመሻሽ ላይ ይረከባሉ፣ ሞተሩ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ለካ እኔ ጠዋት 3 ሰዓት ስለካ፣ ጉዱ የሚወርደው ማታ 3 ሰዓት ኖሯል! ሁለት ዓመት ስላይድ ሳነብላት ይህን በየት በኩል ትንገረኝ?

አሁን እሷና ሦስት ጓደኞቿ አብረውኝ ይሠራሉ። ጥቅምት ላይ፣ መፈልፈያው ሲከፈት፣ ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ልንቀዳ ነው። ፈቃድ ውሰድና ና። ቡናው ከእኔ፣ ባትሪ ግን ይዘህ ና፤ የእኔን ተማሪዎቹ ወንዝ ውስጥ ጥለውታል።

ያንተው፣ ጅማ የዋጠችው