የሕመም መጠን ተመዝግቦ ብቻ እንዳይቀር

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

የታካሚ ሕመም ከሙቀት፣ ከልብ ምት፣ ከአተነፋፈስና ከደም ግፊት ቀጥሎ አምስተኛው ቫይታል ሳይን (የታካሚውን ሁኔታ የሚያሳይ መሠረታዊ ምልክት) ተብሎ በብዙ ሆስፒታሎቻችን የነርሶች ቻርት ላይ ቦታ ካገኘ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጤና ሚኒስቴር ከአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ጋር የጀመረው ከሕመም ነፃ ሆስፒታል የተባለው ሥራ ለዚህ ያደረገው አስተዋጽኦ ምስጋና ይገባዋል። በቀዶ ሕክምና ክፍል የማገለግል ነርስ እንደመሆኔ የሚያሳስበኝ ግን የሕመሙን መጠን የሚያሳየው ከዜሮ እስከ አሥር ያለው ቁጥር ከተጻፈ በኋላ ያለው ነው። ሕመሙ ሰባት ተብሎ በተመዘገበ ታካሚ ቻርት ላይ ምን እንደተሰጠው፣ ከተሰጠውም በኋላ ሕመሙ ወደ ስንት እንደወረደ ፈልጎ ማጣት የተለመደ ነው።

ቁጥሩ ራሱም በአንድ ጥያቄ አይገኝም። ታካሚዎቻችን ሲጠየቁ አስቀድመው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ችሎ ዝም ማለትም እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ስለዚህ ታካሚው ሲያስል፣ ሲገላበጥና ከአልጋ ሲነሣ ማየት ያስፈልጋል፤ ቁስሉን ፈርቶ በጥልቀት የማይተነፍስ ሰው ለሳንባ ምች ይጋለጣልና። መናገር ለማይችል ሕፃን ደግሞ ፊቱን፣ እግሮቹን፣ እንቅስቃሴውን፣ ለቅሶውንና ሲያባብሉት መረጋጋቱን አይቶ ነጥብ የሚሰጥ መለኪያ አለ። የደም ግፊቱ ልከኛ ነው፣ እንቅልፍም ወስዶታል ተብሎ አላመመውም ማለት አይቻልም። «ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል» የሚል ታካሚ የነርቭ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል፣ ዳይክሎፌናክ የተባለውን የተለመደ ማስታገሻ ደጋግሞ ከመውጋት ይልቅ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ መድኃኒት እንዲታሰብለት ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

ከሁሉ ይበልጥ ማስተዋል የሚጠይቀው ሕመሙ ራሱ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሲሆን ነው። እግሩ ተሰብሮ ጀሶ የተደረገለት፣ ወይም ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ያሰረው ልጅ ማስታገሻ ወስዶም ሕመሙ እየባሰበት ከሄደ፣ ጣቶቹንም ቀስ አድርገው ሲዘረጉለት ከጮኸ፣ በጡንቻዎቹ ዙሪያ ያለው ግፊት ጨምሮ የደም ዝውውሩን እያፈነው ሊሆን ይችላል። የእግሩን መቀዝቀዝ ወይም የደም ምት መጥፋት የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል። በዚህ ሰዓት ሌላ መርፌ ጨምሮ ማለፍ እግር ሊያስቆርጥ ይችላል፤ ማሰሪያው እንዲላላ ማድረግና ሐኪሙን ወዲያው መጥራት ግን እግሩን ሊያተርፍ ይችላል፤ ያለውም ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው።

ሐኪም «እንደ አስፈላጊነቱ ይሰጥ» ብሎ ማስታገሻ ሲያዝ ውሳኔውን ለነርስ አደራ መስጠቱ ነው። ብዙዎቻችን ግን ሞርፊን ሱስ ያስይዛል፣ ትንፋሽ ያቆማል በሚል ፍርሃት እናዘገየዋለን። ፍርሃቱ ከምንም የመጣ ባይሆንም መፍትሔው መከልከል ሳይሆን መከታተል ነው። ሞርፊን ትንፋሽን ከማዳከሙ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ታካሚውን ከልክ በላይ ስለሚያደነዝዘው፣ ንቃቱን የሚመዝንና አተነፋፈሱን የሚቆጥር ነርስ አደጋውን ቀድሞ ያያል። በአፍ የሚወሰድ ተራ ሞርፊን የሚያገለግለው አራት ሰዓት ያህል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የካንሰር ሕመም ማስታገሻ ታካሚው እስኪጮህ ሳይጠበቅ ሰዓቱን ጠብቆ እንዲሰጥ ሲመክር ኖሯል። ፔቲዲን የተባለው ማስታገሻም ቢሆን ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሲደጋገም በሰውነት የሚጠራቀመው ቅሪት እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጥ እንደሚችል የማያውቅ ነርስ ሊኖር አይገባም።

በሌሊት ተረኝነት ክፍሉን ሙሉ ለብቻ የሚይዝ ነርስ ምን ያህል እንደሚጨነቅ አውቃለሁ። የምጠይቀው ግን አዲስ ሕንፃ ወይም ውድ መሣሪያ አይደለም። ሆስፒታሎች በቻርቱ ላይ ማስታገሻ ከተሰጠ በኋላ ሕመሙ ዳግም የሚለካበት ዓምድ ይጨምሩ፤ ነርስ በምን ሁኔታ መጠኑን ማሳደግ፣ በምን ሁኔታም ሐኪም መጥራት እንዳለበት የሚወስን የጽሑፍ መመሪያ ያውጡ፤ በሌሊት ስለ ታካሚ ሕመም የደወለ ነርስም ቁጣ አይጠብቀው። ኮሌጆች ይህን ትምህርት ከመማሪያ ክፍል አውጥተው በታካሚው አልጋ አጠገብ ያስተምሩ፤ ተማሪው መድኃኒቱን ሰጥቶ እንዳይሄድ፣ ተመልሶም «አሁንስ እንዴት ነዎት?» ብሎ መጠየቁ የፈተናው አካል ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ አዲስ አበባ