ለሐዋሳ የ12ኛ ክፍል የጥናት ቡድን አባላት

የተከበራችሁ አባላት፣

ብዙዎቻችሁ ማስታወሻችሁን ደጋግማችሁ በማንበብ ብቻ እንደምታጠኑ ተመልክተናል፤ ይህ ልማድ ትምህርቱን የያዝነው ቢያስመስልም፣ ደብተሩ ሲከደን አብዛኛው ይጠፋል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ ራሱን እየፈተነ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ የተማርነው በፍጥነት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን፣ በቀናት ልዩነት የተከፋፈለ ክለሳ ግን በአንድ ጊዜ ከሚደረግ ጥናት የተሻለ ይጠቅማል።

ስለዚህ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ስንገናኝ፣ እያንዳንዱ አባል ደብተሩን ከድኖ የሚያስታውሰውን በባዶ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ከዚያም ከደብተሩ ጋር አመሳክሮ የሳተውን ያርማል፤ ያንኑ ርዕስ በማግስቱና ከሳምንት በኋላ ይደግመዋል። መጀመሪያ ላይ ብዙ መርሳታችሁ አያስደንግጣችሁ፤ ለማስታወስ መታገሉ ራሱ ትምህርቱን ያጸናዋልና። በፊዚክስም የተሠራ ምሳሌ ከማየታችሁ በፊት ጥያቄውን ራሳችሁ ሞክሩት። እንቅልፋችሁን ሠውታችሁ እንዳታጠኑ ግን አደራ እንላለን።