«ትርፉ ተረጋግጦለት» ስለምትለው ቃል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ በአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ወንድማችን «ሕንድን ያሳደጋት የእንግሊዝ ባቡር ነው፤ ለጎጃምም የውጭ ኩባንያ ትርፉ ተረጋግጦለት ሐዲድ ይዘርጋልን» ሲሉ ጽፈዋል። ባቡር ይምጣ ማለታቸው የእኔም ጸሎት ነው። «ትርፉ ተረጋግጦለት» የምትለዋ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።

እኔ የደጀን ሰው ነኝ። 31 ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ከቢቸናና ከደብረ ማርቆስ ጤፍ ይዤ ወደ አዲስ አበባ፣ ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኜ ወደ ጎጃም። የዓባይን በረሃ ስንወጣ ረዳቴ ታኮውን ታቅፎ ከኋላ ጎማ ጎን ይሮጥ ነበር። መኪናው ተንፍሶ ሲቆም ታኮዋን ካላስገባ አለቀልን ማለት ነው። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ለዚህ ነው ባቡር ተራራ እንዴት እንደሚወጣ የተጻፈ ነገር ሳገኝ ሳላነብ የማላልፈው። ደጋግሜ ያነበብኩት ሕንድ ውስጥ ሐዲድ የዘረጋ የአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ታሪክ ነው። ግሬት ኢንዲያን ፔኒንሱላ ሬልዌይ ይባላል።

ኩባንያው በእንግሊዝ ፓርላማ ሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1849 ነው። በ1853 የሕንድን የመጀመሪያ የመንገደኛ ባቡር ከቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ወደ ታኔ አስነሳ። መንገዱ 34 ኪሎ ሜትር ነበር። 14 ፉርጎ፣ 400 እንግዳ፣ 21 ጊዜ መድፍ። ሦስቱ ሎኮሞቲቮች ሳሂብ፣ ሲንድና ሱልጣን ተብለው ነበር። ይህን ሁሉም ሰው ያወራዋል። እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ነው።

ከቦምቤይ ጀርባ የምዕራብ ጋትስ ተራሮች አሉ። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት ጥጥ ከተራራው ማዶ፣ ደካን በተባለው አምባ ምድር ላይ ነበር። በበሬ ጋሪ ሲመጣ ዝናብ ይመታዋል፣ አቧራ ይገባዋል። ስለዚህ ሐዲዱን ቦር ጋት በተባለው ቦታ ማውጣት ግድ ሆነ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ ከ550 ሜትር በላይ ከፍታ፣ 25 ዋሻ። ከ1856 እስከ 1863 ሰባት ዓመት ፈጀ። አንድ ቦታ ላይ ለመጠምዘዣ የሚሆን መሬት ስላልነበረ ባቡሩ ገደል አፋፍ ላይ ይቆም፣ ሎኮሞቲቩ ተፈትቶ በሌላው ጫፍ ይቀጠል፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ይወጣ ነበር። ፍሬን እምቢ ላለው ባቡር ደግሞ ከዋናው ሐዲድ ተገንጥሎ ሽቅብ የሚሄድ መስመር ሠሩለት፤ ዳገቱ ራሱ ያቆመዋል። ይህን ሳነብ በዓባይ ቁልቁለት ያጣኋቸው ጓደኞቼ ታወሱኝና መጽሐፉን ከደንኩት።

ዳገቱን የቆፈሩት ሕንዶች ናቸው። በአንድ ወቅት ከ40,000 በላይ ሰው ይሠራበት ነበር። በ1859 ደመወዛቸው ቢዘገይ አመፁ፤ ተቋራጩም ከሥራው ወጣ። በኮሌራ፣ በሌላም በሽታና በአደጋ ያለቀው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ 25,000 ይገመታል። ለአንድ ዳገት።

አሁን ኩባንያው ወደ ገባው ውል ልምጣ። እንግሊዝ አገር ያሉት ባለአክሲዮኖች ላወጡት ገንዘብ በዓመት 5 በመቶ ይታሰብላቸው ነበር። ባቡሩ ካላተረፈ ጉድለቱን የሚሞላው የሕንድ መንግሥት ነበር፤ ማለትም ግብር ከፋዩ ገበሬ። መሬቱም በነጻ ተሰጥቷል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በራሴ ደርሶብኛል። አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት የአለቃዬን መኪና በቀን ሒሳብ ተከራየ፤ ቆመም ሄደም ይከፈላል። አለቃዬ ካሉት መኪኖች ሁሉ ጎማው ያለቀውን መርጦ ሰጠኝ። ሦስት ሳምንት መንገድ ዳር ተበላሽተን ቆምን። ገበሬው ማዳበሪያ ሲጠብቅ የዘር ጊዜ አለፈበት። የኪራዩ ገንዘብ ግን አንድ ቀን አልጎደለም። ለምን ይጠግነው?

ሕንድም የሆነው ይኸው ነው። ዋስትና የተሰጣቸው መስመሮች ወጪያቸው ከታሰበው እጅግ አልፎ ሄደ። የሕንድ የገንዘብ ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ዊልያም ማሴ በ1872 ለእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ የሰጡትን ቃል አንብቤ ደንግጫለሁ። ባለአክሲዮኑ 5 በመቶው እስከገባለት ድረስ ገንዘቡ ሁግሊ ወንዝ ውስጥ ቢጣልም፣ ጡብና ኖራ ቢሆንም ግድ አልነበረውም ነው ያሉት። ይህን የተናገሩት የዚያው አስተዳደር ሰው ናቸው።

የጭነት ታሪፉም እንዲሁ ነበር። ወደ ወደብ የሚወርድ ጭነት ይቀልለት፤ ከመሀል አገር ወደ መሀል አገር የሚሄደው ይከብድበት ነበር። የሕንድ ነጋዴዎች በዚህ ለዓመታት አቤት ብለዋል። ከ1876 እስከ 1878 ደካን በረሃብ ስትመታ ባቡር የእርዳታ እህል ማድረሱ እውነት ነው። ከሕንድ ወደ ውጭ የሚላከው እህል ግን አልቆመም። እኔ ጤፍ ስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እህል መንገድ ስላገኘ ብቻ ወደ ራበው ሰው እንደማይሄድ አውቃለሁ። መንግሥት ኩባንያውን የገዛው በ1900 ነው። አስተዳደሩን ግን ሙሉ በሙሉ የተረከበው በ1925 ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ከዙላ ወደብ ወደ ኩማይሌ አጭር ሐዲድ ዘርግቶ ነበር። ሐዲዱም ሎኮሞቲቩም የመጣው ከሕንድ ነው። መቅደላ ስትወድቅ ነቅለው ሄዱ።

ወንድሜ ቅር እንዳይላቸው። ሕንዶች ዛሬም ያንን ዳገት በባቡር ይወጡታል፤ እኔም የልጅ ልጆቼ ከደጀን ተሳፍረው ዓባይን ሲሻገሩ ማየት እፈልጋለሁ። ሐዲዱ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬና ወደ ባሕር ዳርም ይሂድ፤ ወደ ወደብ ብቻ አያፍጥጥ።

አዘጋጁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የጎጃም ባቡር ውል የተፈረመ ቀን የባለሥልጣኖቹን ፎቶ ትታችሁ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም የሚናገረውን አንቀጽ በአማርኛ አትሙልን። ከሥሩም አንድ ኩንታል ጤፍ ከደጀን ባሕር ዳር በስንት እንደሚጫን፣ ጅቡቲ ደግሞ በስንት እንደሚደርስ ጎን ለጎን ጻፉልን።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የከባድ መኪና ሾፌር
ከደጀን፣ ምሥራቅ ጎጃም