የተቃወመውም ሰው ቃል ይመዝገብ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በውጭ አገር ያሉ እድሮቻችንና ማኅበሮቻችን እንዴት እንደተመሠረቱ የምታወጡትን ተከታታይ ጽሑፍ በጉጉት ነው የማነበው። መሥራች ተብለው የሚነሱት ግን ሁሌ ሰብሳቢዎቹና ገንዘብ ያዋጡት ናቸው። ቃለ ጉባኤ የያዘውን ሰው ማንም አያነሳውም። እኔ እዚህ ፊላዴልፊያ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝና ነገሩ ይከነክነኛል። ስለዚህ በዚሁ ከተማ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ስለኖረ አንድ ስደተኛ ጸሐፊ ልጻፍላችሁ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ፍራንሲስ ዳንኤል ፓስቶሪየስ ይባላል። በ1651 ጀርመን አገር ተወለደ፣ ሕግ ተማረ። በኦገስት 1683 በመርከብ ፊላዴልፊያ ገባ። ከተማዋ ገና ጫካ ነበረች። ግዛቱን የሚያስተዳድረው ዊሊያም ፔን ኩዌከር ነው። ኩዌከሮች የክርስትና አንድ ክፍል ናቸው፤ በዚያ ዘመን ቄስ አልነበራቸውም፣ በዝምታ ተቀምጠው ይጸልዩ ነበር፣ ጦርም አያነሱም ነበር። በእንግሊዝ በእምነታቸው ብዙ ታስረዋል።

ፓስቶሪየስ 30 ጫማ በ15 ጫማ የሆነች ጎጆ ቀለሰ። ለመስኮት መስታወት ስላልነበረ ዘይት የጠጣ ወረቀት ለጠፈበት። በሩ ላይ ደግሞ ቤቷ ትንሽ ብትሆንም ለደጋግ ሰዎች ወዳጅ እንደሆነች፣ ክፉዎች ግን እንዲርቁ የሚል የላቲን ጽሑፍ ጻፈ። ፔን ሊጠይቀው መጥቶ ይህን ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ፤ በርታ፣ ገና ትሠራለህ ብሎም አበረታታው። ይህን ያቆየልን ራሱ ፓስቶሪየስ ነው። ጎጆ ውስጥ ሆኖም ይጽፍ ነበር።

በኦክቶበር ጀርመን ካለችው ከክሬፌልድ ከተማ 13 ቤተሰቦች መጡ፤ አብዛኞቹ ሸማኔዎች ነበሩ። መሬቱን በዕጣ ተከፋፈሉ። ጀርመንታውን እንዲህ ተቆረቆረች፤ ዛሬ የፊላዴልፊያ አንድ ሰፈር ናት። ፓስቶሪየስ የመሬቱን መዝገብ ያዘ፣ በኋላም የመንደሯ አስተዳዳሪና መምህር ሆነ። ለሁለት ወንዶች ልጆቹም «የንብ ቀፎ» ያለውን ትልቅ ደብተር ጻፈላቸው። ከሌሎች ቋንቋዎች እያቀላቀለ ብዙውን በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው፤ ልጆቹ ያደጉበት ቋንቋ እሱ ነበርና። እዚህ አገር ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ሲሰማ አንጀቱ ይላወሳል።

ዋናው ነገሬ ግን የ1688ቱ ወረቀት ነው።

በዚያ ዘመን ከኩዌከሮቹ ብዙዎች ባሪያ ነበራቸው። ፔን ራሱ ነበረው። በኤፕሪል 1688 ፓስቶሪየስና ሦስት ጎረቤቶቹ ጌሪት ሄንድሪክስ፣ ዴሪክ ኦፕ ደን ግራፍና አብርሃም ኦፕ ደን ግራፍ በቶነስ ኩንደርስ ቤት ተሰብስበው ባርነትን የሚቃወም አቤቱታ ፈረሙ። የእጅ ጽሕፈቱ የፓስቶሪየስ ነው ይባላል። ቦታው በጀርመንታውን ጎዳና ቁጥር 5109 ላይ ነው፣ የመታሰቢያ ምልክት ቆሞበታል። መኪና አቁሜ አነበዋለሁ፤ ጓደኞቼም ሲመጡ አስነብባቸዋለሁ።

ሰዎቹ አገሩን ከረገጡ ገና አምስት ዓመት አልሞላቸውም። እንግሊዝኛቸው ስብርብር ያለ ነው። ሐሳቡ ግን ቁልጭ ያለ ነው። በራሳችን ላይ እንዲደረግ የማንፈልገውን በሰው ላይ አናድርግ፤ ቀለሙም ዘሩም ልዩነት አያመጣም ይላል። ባሕር ላይ ስትመጡ የማታውቁት መርከብ ባያችሁ ቁጥር ቱርኮች ማርከው ይሸጡናል ብላችሁ ትንቀጠቀጡ አልነበረም ወይ ብሎም ይጠይቃል። እነዚህ ሰዎች ለነጻነታቸው ቢዋጉ፣ እናንተ እነሱን ባሪያ አድርጎ ለመያዝ ካላችሁ መብት የነሱ ያንሳል ወይ? ጦር አናነሳም ለሚሉ ሰዎች ይህ ጥያቄ እሳት ነው።

አቤቱታው ወደ ኩዌከሮቹ ወርኃዊ ጉባኤ ሄደ። ጉዳዩ ከባድ ነው፣ እኛ አንነካውም ብለው ወደ ሩብ ዓመቱ ጉባኤ መሩት። እነሱም ወደ በርሊንግተኑ ዓመታዊ ጉባኤ ገፉት። እዚያ ደግሞ ሌሎች አገሮችንም የሚነካ ነውና ውሳኔ መስጠት አይገባንም ተባለ። አለቀ። ፓስቶሪየስ በ1719 መጨረሻ ግድም ሲሞት ወረቀቱ መልስ አላገኘም ነበር። የፊላዴልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ አባላቱ ባሪያ እንዳይኖራቸው የከለከለው በ1776 ነው፤ ከ88 ዓመት በኋላ።

ያ ሁሉ ጉባኤ ፈርቶ ገሸሽ አለ። ነገር ግን አቤቱታው እንደቀረበለት መዝግቧል፣ ወረቀቱንም አልቀደደም። በ1844 ተገኝቶ ታተመ። ከዚያ እንደገና ጠፋ፣ በ2005 እንደገና ተገኘ። ዛሬ በሃቨርፎርድ ኮሌጅ ተቀምጧል። እነዚያ አራት ሰዎች ምን እንዳሉ እኔ የማውቀው በመዝገብ ያዦቹ ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። ከእኔ በፊት የተያዘውን የእድራችንን ጥቁር መዝገብ ሳገላብጥ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የምትል መስመር በየገጹ አለች። አንደኛው ውሳኔ ሦስት ወር ያልከፈለ አባል ይሰረዝ የሚል ነው። ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ሆቴል የሚያጸዱ አንዲት እናት ተነስተው «ሥራ ያጣ ሰው ሲሞትበት ማን ሊቀብርለት ነው?» ብለው ተከራከሩ። እጃቸውን ሳያወጡ ቀሩ። መዝገቡ ላይ ግን እሳቸው የሉም። ደንቡን ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰዎች ተቸግረው ሲያማርሩ ቀየርነው፤ አስቀድሞ ማን እንደተናገረው አሁን የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው።

ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አስይዣለሁ። የተቃወመ ሰው ስሙና ምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ይስፈር የሚል ነው። ነገር ታበዛለህ፣ ቂም ታስቀምጣለህ የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ሰው ፊት ለፊት የተናገረው ቃል ቂም ነው ብዬ አላምንም።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። መሥራቾቹን ስታነጋግሩ የድሮ መዝገባቸውን እንዲያወጡ ጠይቁልኝ። አንዳንዱ በሞቱ ጸሐፊዎች ምድር ቤት በካርቶን ታሽጎ ተቀምጧል። ልጆቹ አማርኛ ስለማያነቡ ቤቱ ሲሸጥ ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። አንድ ገጽ እንኳ ፎቶ አንስታችሁ ብታትሙ፣ አይቶት ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ሰው አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
የእድር ጸሐፊ፣ ከፊላዴልፊያ