45 ደቂቃው የሚቆጠረው ከየት ጀምሮ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

መሃል ከተማ መኖር ይሻላል ወይስ ዳር ሰፈር ብላችሁ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ስንቱን አሳልፈን የለ። የሥራ ባልደረቦቼ ግን አልተዉኝም። ስልካቸውን እያወጡ «ይኸው ከቤትሽ ሜክሲኮ 45 ደቂቃ ነው ይላል፣ ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ሁሌ የምታማርሪው?» ሲሉኝ ሰነበቱ። አንዷማ አለቃችን ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። አለቃችን ደግሞ ምንም አላለም፤ አውራ ጣት ብቻ አስቀመጠበት። ባረፈድኩ ቁጥር ከደሞዜ የሚቆርጠው እሱ ስለሆነ ያቺ አውራ ጣት እንቅልፍ ነሳችኝ።

ሌላውን ሁሉ እተወዋለሁ። አየሩ ንጹህ ነው ብላችኋል፣ እውነት ነው። ጸጥታ አለ ብላችኋል፣ ብሎካችን ሥር ካለው ብየዳ ቤት በስተቀር እሱም እውነት ነው። ስለ 45 ደቂቃው ግን እንነጋገር።

«ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ መሃል ከተማ ለመድረስ በአማካይ 45 ደቂቃ ይፈጃል» ነው ያላችሁት። ማን ለካው? በስንት ሰዓት? በምን ተሳፍሮ? አንዱም አልተጻፈም። ጋዜጠኛችሁ እሑድ ጠዋት በመኪና ሄዶ ከሆነ እቀበላለሁ። እንዲያውም 45 ደቂቃ በዛበት፤ መንገድ ላይ ወርዶ ማኪያቶ ሳይጠጣ አልቀረም።

የኛ ጉዞ የሚጀምረው ሰልፉ ላይ ነው። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ። ሥራ የምንገባው 2 ሰዓት ነው። ከቤት የምወጣው ግን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ገና ሳይነጋ። ፌርማታው ጋ ስደርስ ሰዉ ቀድሞኝ ተሰልፏል። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች አሉ፣ የሥራ ዕቃቸውን በማዳበሪያ የጠቀለሉ ግንበኞች አሉ፣ ጋቢዋን እንደተከናነበች የምትመጣ አንዲት ነርስ አለች፤ ቆማ መተኛት ትችላለች፣ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ዓይኗን ሳትገልጥ አብራ ትራመዳለች። አንድ ሚኒባስ ይመጣል፣ 12 ሰው ይጭናል፣ ይሄዳል። ከዚያ ምንም። ተራ አስከባሪው እንኳን የሚጮህበት አጥቶ ቆሎ ይቆረጥማል። ሃይገር ብቅ ካለ ፌሽታ ነው። ነዳጅ የጠፋ ሰሞን ደግሞ ታክሲዎቹ ማደያ ተሰልፈው ስለሚውሉ እኛ ተሰልፈን የተሰለፉትን እንጠብቃለን። ዝናብ ከጣለማ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ጉልበት ያለው ይገባል፣ ልጅ የያዘች እናት ትቀራለች። አንዳንድ ቀን ሰልፉ ብቻውን የእናንተን 45 ደቂቃ ይበላዋል፣ ያውም ከሰፈራችን አንድ እርምጃ ሳንወጣ።

ከዚያ ቃሊቲ እንወርዳለን። እዚያም ሌላ ሰልፍ አለ። ከቃሊቲ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ጎተራ፣ ከጎተራ ሜክሲኮ ያለውን የጠዋት መጨናነቅ ለአዲስ አበባ ሰው አላብራራም።

ጽሑፋችሁ ላይ የባቡሩን ፎቶ አይቼዋለሁ። ቆንጆ ፎቶ ነው። ከሥሩ «የዳር ሰፈር ነዋሪዎችን ከመሃል ከተማ የሚያገናኘው ቀላል ባቡር» ይላል። የትኛውን ዳር? ባቡሩ ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ምናልባት ቃሊቲ ዳር ይመስል ይሆናል። ኮንዶሚኒየሙ ግን ከቃሊቲ ወዲያ ተሠራ፣ እኛም ከቃሊቲ ወዲያ ሄድን፣ ሐዲዱ እዚያው ቀረ። ሌላኛው መስመርም ያው ነው። በምሥራቅ አያት ላይ ይቆማል፣ አራብሳና የካ አባዶ ከዚያ ያልፋሉ። በምዕራብ ጦር ኃይሎች ላይ ይቆማል፣ ጀሞ ያለ ሰው የባቡር ድምፅ ሳይሰማ ይኖራል። 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ፣ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና በብድር የመጣ ባቡር ነው፤ ብዙ ሕዝብ ወደተላከበት ሰፈር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን ቆመ። ሐዲዱ ባለበትም ቢሆን ከገቡት 41 ባቡሮች ከግማሽ በላዩ በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ጊዜ እንደነበር ሲዘገብ ሰምተናል። እንግዲህ 45 ደቂቃውን ከቃሊቲ ጣቢያ ቆጥራችሁት ከሆነ ያ የቃሊቲ ሰው ጉዞ ነው። ለቃሊቲ ሰው ስጡት።

እሺ፣ በቁም ነገር እንየው። «በአማካይ» ብላችኋል፤ አማካይ ይሁን። መንገዱ ቀና የሆነ ቀን ቶሎ እንደርሳለን፣ ክፉ ቀን ጉዞው ከሁለት ሰዓት በላይም ይፈጃል። ደምራችሁ ስታካፍሉት ደህና ቁጥር ሊወጣችሁ ይችላል። ነገር ግን አማካዩን አስቦ ከቤቱ የሚወጣ የዳር ሰፈር ሰው አላውቅም። የምንወጣው ለክፉው ቀን ነው። ክፉው ቀን ሰኞ ይሁን ሐሙስ አስቀድሞ ስለማይታወቅ በየቀኑ ለክፉው ቀን እንነሳለን። አሠሪዬ «አማካይሽ ጥሩ ነው» ብሎ አይምረኝማ! የሚቆርጥብኝ ያረፈድኩበትን ቀን ቆጥሮ ነው።

መንገዱ ቀና በሆነ ቀን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሳይሆን ሜክሲኮ እደርሳለሁ። መድኃኒት ቤቱ ዝግ ነው። በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ጥበቃው አንዳንዴ አዝኖልኝ በርጩማውን ይለቅልኛል። ያ ሰዓት ልጄን ቀስቅሼ ቁርስ የማበላበት ሰዓት ነበር። እሷን አሁን የምታበላት ጎረቤቴ ናት፣ እድሜ ይስጣት። በእናንተ ሂሳብ ግን «ቶሎ ደርሳለች» ተብዬ አማካዩን አሳምሬላችኋለሁ። ቆሜ ሳለሁ አዲሱን የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገድ አያለሁ። ሰፊ ነው፣ የሳይክል መስመር አለው፣ መብራቱ ያምራል፣ አልዋሽም። እዚያ ድረስ የሚያመጣኝ ነገር ብቻ ነው የጎደለው።

ማታውን ደግሞ ጭራሽ አላነሳችሁትም። ሰው ጠዋት ሄዶ የማይመለስ ይመስል። ማታ ታክሲ ያቆራርጣል። ሜክሲኮ ላይ «ሳሪስ! ሳሪስ! ሳሪስ!» እያለ የሚጮኸው ረዳት መኪናው ላይ ያለው ታፔላ ቃሊቲ ነው የሚለው። አንድ ምሽት ደክሞኝ፣ ተናድጄም ነበር፣ «ታፔላው ቃሊቲ ይላል እኮ» አልኩት። «እንግዲያው በታፔላው ሂጂ» አለኝ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ገባሁ። ሳሪስ ወርጄ እንደገና ተሰልፌ ቃሊቲ፣ ቃሊቲ ወርጄ እንደገና ተሰልፌ ቱሉ ዲምቱ። በአንድ ታሪፍ መሄድ የነበረብኝን መንገድ ቆራርጠው ሁለቴ ያስከፍሉኛል። ከመሸ በኋላ ከቃሊቲ ወዲያ «ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም» የሚለውም ብዙ ነው፤ ያኔ አራት አምስት የማንተዋወቅ ሰዎች ተጠራርተን፣ ብር አዋጥተን እንገባለን። አስፋልቱ ላይ ወርዶ እስከ ብሎኩ በጨለማ መሄድም አለ፤ ሴት አንባቢዎቻችሁ ስለሚገባቸው እሱን አላስረዝመውም።

አሁን ያቺን ሠንጠረዥ እንያት። በአንድ በኩል የመሃል ከተማ ኪራይ፣ በሌላ በኩል የዳር ሰፈር ኪራይ፣ ልዩነቱ በደማቁ። ከሥሩ «ወደ ዳር የወጣ ቤተሰብ በየወሩ ይህን ያህል ይቆጥባል» ትላላችሁ። የታክሲው ሂሳብ የትኛው ዓምድ ላይ ነው? የማታው ማቆራረጥስ? ኮንትራቱስ? ምሳ ለመቋጠር ጊዜ ስለሌለ ሜክሲኮ የሚገዛው ምግብስ? የኛ ብሎክ ሰው የቆጠበው ገንዘብ የት እንዳለ ቢያውቅ ኖሮ እስካሁን አሳንሰር ያስገባ ነበር።

በጣም ያናደደኝ ግን «በርካቶች ዳር መኖርን እየመረጡ ነው» የምትለዋ ናት። ማን መረጠ? እኛ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበን፣ ዓመታት ጠብቀን፣ ዕጣ ሲወጣ እልል ብለን ነው የገባነው። ዕጣ ውስጥ «የት ሰፈር ትፈልጊያለሽ?» የሚል ጥያቄ የለም። የወጣልህን ትወስዳለህ፣ የባንኩን ብድር ትከፍላለህ። ለልማት ተብሎ ከካዛንቺስ ተነስተው ገላን ጉራ የገቡትንስ ጠይቃችኋል? እነሱ በእግራቸው ሥራ ይገቡ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ቁርስ ሸጦ የሚያድር፣ ልብስ አጥቦ የሚያድር፣ ደንበኛው ሁሉ የቀድሞው ሰፈሩ ያለ ሰው ከመካከላቸው ሞልቷል። ምርጫ ነው ካላችሁ ሄዳችሁ ንገሯቸውና መልሳቸውን አትሙልን።

ከዳር ሰፈር አናገርነው ያላችሁት ሰው አንድ ብቻ ነው። «ማታ በመኪናዬ ስመለስ አእምሮዬ ያርፋል» ብሏል። ይረፍ፣ ምቀኝነት የለብኝም። ግን ስለ ትራንስፖርት ጽፋችሁ መኪና ያለውን ሰው ብቻ ማናገር ምን የሚሉት ሥራ ነው? ከዚያው ግቢ በር ላይ ሰልፍ ነበር እኮ። ጋዜጠኛው መስታወቱን ዝቅ ቢያደርግ ያገኘን ነበር።

ቁጥሩ ዝም ብሎ ቁጥር እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከአሁኑ ሥራዬ በፊት አንድ ቦታ ተወዳድሬ ፈተናውን አልፌ ነበር። ቃለ መጠይቁ ላይ ሁሉም ደህና ሄደ። መጨረሻ ላይ «ሰፈርሽ የት ነው?» ተባልኩ። ቱሉ ዲምቱ ስል ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሩቅ ነው አይደል?» አለኝ በትህትና። እንደውልልሻለን አሉኝ፤ አልደወሉም። አሠሪው ሩቅ ነው ብሎ ይጥለናል፣ ጋዜጣው ቅርብ ነው ብሎ አፋችንን ያስይዘናል። ወይ ሩቅ በሉን ወይ ቅርብ፣ ተስማሙ።

ዳር መኖር ክፉ ነው አላልኩም። ቤቴን እወደዋለሁ። አከራይ አያንኳኳብኝም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቶቼ ጋር ቡና እጠጣለሁ፣ ልጄ ግቢው ውስጥ እንደልቧ ትሮጣለች። ወደ ድሮው ሰፈሬ መልሱኝ የሚል ደብዳቤም አይደለም። ፈጣን የአውቶቡስ መስመር፣ የሚቀጥል ሐዲድ፣ ማታ የማያቆራርጥ ታክሲ ቢኖር ከዚህ የትም አልሄድም። የመንግሥት ሠራተኞች የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ አላቸው፤ ይገባቸዋል፣ ደስ ይበላቸው። የግል ተቀጣሪው ግን ሰልፉ ላይ ቆሞ ሲያልፍ ያየዋል። ይህን የሚወስን ክፍል የእናንተን 45 ደቂቃ አንብቦ «እነዚህማ ችግር የለባቸውም» ቢል ምን እንላለን?

ስለዚህ ማስተካከያ አውጡ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ በምን ቀን፣ በስንት ሰዓትና በምን መኪና እንደተለካ ጻፉ። ካልተለካም አልተለካም በሉ። እንደገና ለመለካት ሰው የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ሰኞ ይሁን፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን፤ የድርጅቱን መኪና ቢሮ ትታችሁ፣ ታክሲው ከተንቀሳቀሰበት ሳይሆን ከሰልፉ ጫፍ ጀምራችሁ፣ ማታም ተመልሳችሁ ቁጠሩ። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ጠዋት ጠዋት ረዳቶቹ መልስ የላቸውም።

አንዲት የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ