ስንት ቀን ጠበቃችሁ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ጅማ ፍሳሽ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ሌላውን ሁሉ ልተወው። እቺን ግን አልተዋትም፦ «ፍሳሹ ላይ ክሎሪን በመጨመሩ የወስፋት እንቁላሎቹ መሞታቸው በሁለት ቀን ምርመራ ተረጋግጧል።»

እሰይ! ትንፋሻቸውን አዳምጣችሁ ነው?

ሃያ ሁለት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የወስፋት እንቁላል ሲያዩት ቡናማ ነው፤ ዳር ዳሩ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። የሞተው ካልሞተው ብዙ ጊዜ አይለይም። ለመለየት መጠበቅ ነው። ስስ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይደረጋል። 27 ዲግሪ ግድም ሙቀት ላይ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል። ከዚያ ሲታይ፣ ነፍስ ያለው ከሆነ ውስጡ የተጠቀለለ እጭ አለ። የመብራቱ ሙቀት ሲነካው ይላወሳል። እንግዲህ አሲድ ውስጥ ወር ሙሉ የሚያድግ ፍጥረት በክሎሪን ይደነግጣል ብላችሁ ነው?

ቶሎ የሚደርስ ዘዴም አለ፣ አልክድም። ሳፍራኒን የሚባለው ቀለም የሞተውን ያቀላዋል፤ ያልሞተው ቀለሙን አያስገባም። እሱ ተሠርቶ ከሆነ ጻፉታ!

ደግሞ እንቁላሉ ከውሃ ይከብዳል። ገንዳ ውስጥ ፍሳሹ ከተኛ ታች ይዘቅጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 (እ.ኤ.አ.) መመሪያው ጥሬ ለሚበላ አትክልት የሚውል ውሃ በሊትር ከ1 እንቁላል እንዳይበልጥ ይላል። ውሃው ይህን መስፈርት ቢያሟላ እንኳ ታች የዘቀጠው ደለልስ? ደለሉን የሚወስደው ማን ሆነና! እኛው ነን፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ጎመንና ቆስጣ የምንተክለው። ስለ ደለሉም ስለ እኛም አንዲት ቃል የላችሁም።

ጎረቤቴን ትናንት ደለል በእጁ እያፈሰ መደቡ ላይ ሲበትን አገኘሁት። «ተው እንጂ» አልኩት። «ጋሼ፣ ሞቷል ብሎ ጋዜጣው ጽፏል እኮ» አለኝ። በዚያው እጁ አንድ እስር ቆስጣ አቀበለኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴን የእናንተ አንድ መስመር በላው።

ፎቶአችሁ ላይ ከወንዙ ጀርባ የሚታየው የቆርቆሮ አጥር የእኔ ነው። ዘጋቢያችሁ አጥሬን ካነሳ አይቀር በሩን ቢያንኳኳ ምን ነበረበት? ቡና አንነፍገውም ነበር።

አሁንም አልረፈደም። በምን ዘዴ እንደታየ ጠይቁልን። ናሙናው ካልተደፋ ኢንኩቤተር (ሙቀቱን እኩል የሚጠብቅ የላቦራቶሪ ሣጥን) ውስጥ ይግባ። አራት ሳምንት እጠብቃለሁ፤ ጡረተኛ ነኝ።

ከአዌቱ ዳር፣ ጅማ