ለልጄ፦ ጆርጅታውን ወይስ ኖተርዳም?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባሕር ዳር ሁላችንም ደህና ነን። ሁለቱም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለውሽ አክስትሽ ቤት የመጣ ሁሉ "የቱ ይበልጣል?" እያለ እንደሚያዋክብሽ ይገባኛል። በስም አይበላለጡም፤ ጆርጅታውን በ1789፣ ኖተርዳም በ1842 እ.ኤ.አ. የተመሠረቱ አንጋፎች ናቸው።

በጣና እምቦጭ ተናደሽ "የውሃና የአካባቢ ምህንድስና እማራለሁ" ያልሽው ከልብሽ ከሆነ ነገሩ አልቋል፤ ጆርጅታውን የምህንድስና ትምህርት ቤት የለውም፣ ኖተርዳም አለው። ሐሳብሽ ወደ ዲፕሎማሲ ካዘነበለ ግን ጆርጅታውን ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ አገልግሎት ትምህርት ቤት አለው፤ እኔም አልከለክልሽም። ከምረቃ በኋላ ላለው ሥራ ግን ይህን እወቂ፤ በተማሪ ቪዛ የ12 ወር የሥራ ፈቃድ ይሰጣል፣ ለመሐንዲስ 24 ወር ይጨመርለታል፤ አብዛኛው የፖለቲካ ትምህርት ግን በ12ቱ ይቀራል።

ገንዘቡ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢ። ሁለቱም ጋር የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ከ80 ሺህ ዶላር ያልፋል። የዕርዳታ ደብዳቤ ላይ የማይመለስ ስጦታ፣ ብድርና የግቢ ሥራ ደመወዝ አንድ ላይ ተደምረው ሊመጡ ይችላሉ፤ ከወጪው የምትቀንሺው ስጦታውን ብቻ ነው። የግቢ ሥራ በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም፣ ገንዘቡም ከሠራሽ በኋላ ስለሚመጣ ለመጀመሪያው ክፍያ አይደርስልሽም። ከዚያ የጤና መድን፣ የአውሮፕላን ቲኬትና ግቢው ሲዘጋ የምታድሪበትን ጨምሪ። ብዙ ወላጅ የሚዘነጋው ግብሩን ነው። ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት የዋለ ስጦታ ግብር የለበትም፤ ለመኝታና ለምግብ ከሚሰጠው ግን 14 በመቶ ይቆረጣል፤ አገራችን ከአሜሪካ ጋር ይህን የሚያስቀር የግብር ስምምነት የላትም። ለምሳሌ ለመኝታና ለምግብ 18,000 ዶላር ቢሰጥሽ 2,520 ዶላር ሄደ ማለት ነው። ለሁለቱም ትምህርት ቤት ይህን ለየብቻ አስዪው። ሁሉንም በዶላር ደምሪ፤ ብራችን በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር የተሠራ ዕቅድ አይጸናም። ዕርዳታው ለአራቱም ዓመት መሆኑን በኢሜይል አስጽፊ፤ በስልክ የተባለ አይያዝም።

ስለ ኑሮው፣ የኖተርዳም ሙሉ ስሙ "የሐይቁ እመቤታችን" ማለት ነው፤ ግቢው ውስጥ ሁለት ሐይቅ አለ። ጣናን አያህሉም፣ በእግር ይዞራሉ። በረዶውን የሚያመጣው ትልቁ የሚቺጋን ሐይቅ ነው፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ውሃውን ሲሻገር እርጥበት ተሸክሞ ኖተርዳም ያለበት ሳውዝ ቤንድ ከተማ ላይ ያራግፈዋል። ጋቢሽን ያዢ፣ ካፖርትና ቦት ጫማ ግን እዚያው ግዢ። የሴትና የወንድ ማደሪያ የተለያየ ነው፤ ይሄ ለእኔ ደስ ይላል፣ ላንቺ እንጃ። ጆርጅታውን ያለባት ዋሽንግተን የኛ ሰው ሞልቶባታል፣ እንጀራውም ቅዳሴውም ቅርብ ነው፤ ሜትሮ ባቡር ግን ጆርጅታውን ድረስ አይደርስም፣ በግቢው አውቶቡስ እስከ ሮዝሊን የሜትሮ ጣቢያ መሄድ አለብሽ።

ሁለቱም የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሆኑ አያትሽ "ካቶሊክ ያደርጓታል" ብለው ሰግተዋል። ጆርጅታውን የኢየሱሳውያን መሆኑን ከሰሙማ ሱስንዮስንና ጎርጎራ ያለውን ግንብ ያነሡብኛል! ሁለቱም ጋር ሥነ መለኮት ሁለት ኮርስ ግዴታ ነው፣ ቅዳሴ መግባት ግን ግዴታ አይደለም በያቸው። ጾም ሲገባ ምግብ ቤቱን "ቪጋን" ብለሽ ጠይቂ፤ "ቬጀቴሪያን" ካልሽ አይብና እንቁላል ያቀርቡልሻል።

የመልስ ቀኑ ሚያዝያ 23 ነው። ቅድመ ክፍያ አንዱ ጋር ብቻ ክፈዪ፤ ሁለቱም ጋር ከፍለሽ ከተገኘሽ ሁለቱም ሊሰርዙሽ ይችላሉ። ከዚያ የመረጥሽው ትምህርት ቤት ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን፣ አይ-20 የሚባለውን ቅጽ ይልክልሻል፤ ስምሽ፣ የኔና የአያትሽ ስም ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው በፊደል መገጣጠሙን እዪ፤ እኛ አገር ብዙ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሴቪስ የሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ክፍያ 350 ዶላር ነው፣ ቅጹ ላይ ባለው ቁጥር ከኤምባሲው ቀጠሮ በፊት ይከፈላል፤ የቪዛው ክፍያ ሌላ ነው፣ አታምታቺያቸው።

የሁለቱን የዕርዳታ ደብዳቤ ፎቶ አንስተሽ ዛሬ ማታ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ስጦታ የሚለው ላይ አስምሪበት።

አባትሽ